ጭራው ያለቀ ገመድ

ስሙን የማያውቅ አገር ነበር። ዳር ድንበሩን ዞሮ ያየ ሰው በውስጡ ስላልተገኘ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቁመቱ ይርዘም ወይም ወርዱ ይስፋ የሚናገር አልነበረም። ሰዎቹ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው፤ ከላይ ከምንጩ ቀይ ውሃ ይወርዳል፣ ውሃው በቦይ እየተከፋፈለ ደጅ ለደጅ ይደርሳል፣ ውሃ የደረሰው ቤት ይኖራል፣ ያልደረሰው ይጠወልጋል።

በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት አንድ ገመድ ነበረው። ገመዱ ከጠፍር የተገመደ፣ ከዳር እስከ ዳር ቋጠሮ የሞላበት ነው። ቋጠሮው ሕግ ነው። ይህ ቤት ካብ ይካብ፣ ያኛው ቆሻሻ ይጥረግ፣ ያ ደግሞ እህል ይፍጭ፤ ድንጋዩ በስንት ክንድ ይቁም፣ ውሃው ቀድሞ ለማን ይለቀቅ፤ ይህ ሁሉ በቋጠሮ ተቋጥሯል። ሰው ሕጉን የሚያውቀው ገመዱን በጣቱ እየዳበሰ ነው። በገመዱ መጨረሻ ግን ምንም ቋጠሮ የሌለበት ባዶ ጠፍር ይንጠለጠላል። ጭራ ይሉታል። ልጆች ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁ ትልልቆቹ "ቆይ፣ ትደርስበታለህ" ይሏቸዋል።

ልጅ አድጎ ቤት ሲወጣ አዲስ ገመድ ይገመድለታል። የአባቱ ገመድ በሜዳ ላይ ይወጠራል። የጭብጥ ሹም የሚባለው ባለሥልጣን እጁን ሦስት ጊዜ ታጥቦ የጭራውን ጫፍ በቀኝ ጭብጡ ይይዛል። ገማጁ ከሹሙ ጭብጥ ጀምሮ ቋጠሮ በቋጠሮ እያየ አዲሱን ይገምዳል። በጭብጡ ውስጥ ያለው አይታይምና አይገመድም። ሥራው ሲያልቅም ሹሙ የያዛት ጫፍ "ከሹም እጅ የገባ አይመለስም" ተብላ ከአባትየው ገመድ ትቆረጣለች። ስለዚህ አንድ ልጅ በወጣ ቁጥር የአባቱም የልጁም ገመድ አንድ ጭብጥ ያጥራል።

"በችካል ቢያዝስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር ይባላል። ሸንጎው ሰባት ቀን መከረና "ችካል ክብር አያውቅም" ብሎ መለሰው። በጥንት ጊዜ ጭብጥ የምትይዘው ሴት ነበረች፤ ያውም እጇ ትንሽ የሆነች እየተመረጠች። በኋላ ሹመቱ ሲከበር፣ ለትልቅ ሹመት ትልቅ እጅ ይገባል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የሚሾመው ጭብጡ የገዘፈ ነው። ገመዱም ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ይህን ያስተዋለ ብዙ ሰው ነበር፤ የተናገረ ግን የለም።

ጭራ ያለቀበት ቤት ከዚያ ወዲያ ልጅ አያወጣም። ቢያወጣ ጭብጡ ቋጠሮ ይበላል። መጀመሪያ የሚበላውም ከጭራው ቀጥሎ ያለውን፣ "ይበቃል" የሚባለውን ቋጠሮ ነው። እዚህ ላይ አቁም፣ ከዚህ አትለፍ የሚል ቋጠሮ ነው።

ደርበው የካብ ቤት ሰው ነበር። ቤቱ ከዋናው ቦይ ሥር፣ ካቡ ጎበጥ በሚልበት ቦታ ላይ ናት። አያቱም አባቱም እዚያው ድንጋይ ሲያነሡ ኖረው አልፈዋል። ንግግር አያበዛም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች "አንተ ሰው፣ ቃል እንደ ድንጋይ ይከብድሃል ወይ?" ትለው ነበር። "ድንጋይ ይቀላል" ይላታል። ሦስት ወንዶች ልጆች አውጥቷል፤ ሦስቱም ገመዳቸውን ይዘው በካቡ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ተበትነዋል። ከእሱ ጋር የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ፈንታነሽ ናት። እጇ እንደ እናቷ ቀጭን ነው፤ የድንጋይ አመራረጧ ግን የአባቷ ነው። አንድን ድንጋይ ሁለት ጊዜ አታገላብጥም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከረረ። ከደርበው ቤት በታች ሃያ እርምጃ ላይ ካቡ ተናደና ቀዩ ውሃ በቀዳዳው ይፈስ ጀመር። ከታች ያሉት አርባ ቤቶች ውሃ ጎደለባቸው። ደርበውና ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲደረድሩ ይውላሉ፣ ውሃው ጧት ሲመጣ ያፈርሰዋል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በድንጋይ ብቻ አይደፈንም። አጠገቡ ቤት ሠርቶ፣ በየዕለቱ ካቡን እየዳበሰ፣ የላላውን እያጠበቀ የሚኖርበት ሰው ይፈልጋል። ያም ሰው ገመድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ገመድ የሚካብ ካብ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ አይታወቅምና።

"እኔ እወጣበታለሁ" አለች ፈንታነሽ።

"ትወጪያለሽ" አለ ደርበው።

በማግስቱ ወደ ጭብጥ ሹም ላከ።

የጭብጥ ሹሙ አሰጌ ይባላል። ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። የሚታጠብበትን የመዳብ ሳህን የሚሸከም ሰው፣ እጁን የሚያብስበትን ጨርቅ የሚይዝ ሰው፣ ጨርቁን ለያዘው ሰው ጥላ የሚይዝ ሌላ ሰው ያስከትላል። መዳፉ ሰፌድ ያህላል። ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ ሦስት ጊዜ አበሰ፣ ገመዱ ተወጠረ፣ ሹሙም ጫፉን ጨበጠ። ከዚያ አውራ ጣቱን አንሥቶ አየ። ከአውራ ጣቱ ሥር ቋጠሮ ነበር። ጭራው በጭብጡ ውስጥ አልቋል።

"አልቋል" አለ ሹሙ።

 ፈንታነሽ ወደ ገመዱ ጠጋ አለች።

"ጌታዬ፣ በሁለት ጣት ቢይዙትስ? ለሁለት ጣት እኮ ይተርፋል።"

ጥላ ያዡ ሳቀ። ሹሙ አልሳቀም። "ልጄ፣ የጭብጥ ሹም እንጂ የጣት ሹም አይደለሁም" አላት።

ከዚያም እንደ ደንቡ ለደርበው ሁለት ነገር ሰጠው፤ አንድ በርጩማና አንድ ቀንድ። ጭራው ያለቀበት ሰው ተቀማጭ ይባላል። ተቀማጭ በካቡ ራስ ላይ በርጩማውን አድርጎ ይቀመጣል፣ የአደጋ ቀንድ ይነፋል። ይህ ትልቅ ማዕረግ ነው። ተቀማጭ ድንጋይ አያነሣም፣ ውሃ ግን ቀድሞ ይደርሰዋል።

"ሥራዬ ምንድን ነው?" አለ ደርበው።

"መቀመጥ። አደጋ ስታይ ትነፋለህ።"

"አደጋ ባላይስ?"

"ታያለህ" አለ ሹሙ፣ እጁን እየታጠበ። "የተቀመጠ ሰው አደጋ አያጣም።"

"ቀዳዳውስ?"

"ቀዳዳውን ሸንጎው ያየዋል።"

ሹሙ ሲሄድ ከላይ ከካቡ ራስ አንድ ቀንድ በረጅሙ ጮኸ። ጎሹ ነው። ጎሹ ከደርበው ጋር አብሮ ያደገ፣ ድንጋይ አብሮት የተሸከመ፣ ገመዱ ካለቀ አሥር ዓመት የሆነው ጎረቤቱ ነው። አሥሩን ዓመት በበርጩማው ላይ ነበር።

"አንተ ደርበው!" አለ ከላይ። "እንኳን ለሰው ወግ አበቃህ! ድንጋይ ስትሸከም ድንጋይ ልትሆን ነበር እኮ!"

"የነፋኸው ምን አይተህ ነው?"

"አንተ ስትሾም አይቼ።"

"ሹመት አደጋ ነው እንዴ?"

"ነፋሁት እንግዲህ! የአሥር ዓመት ልማድ ነው፣ አፌ ላይ ካላደረግሁት ጥርሴን ይበላኛል።"

በአገሩ የሚኖር ሁሉ ይህን ቀንድ ያውቀዋል። ሲሰማ ከየቤቱ ሥራ ይቆማል፤ ሰው መዶሻውን ጥሎ፣ ወፍጮውን አቁሞ ይሮጣል። ጠራጊዎች ዱላቸውን ይዘው ይደርሳሉ። ምንም አያገኙም። ተመልሰው ሳይቀመጡ ሌላው ተቀማጭ ከሌላ ካብ ላይ ይነፋል። ጠራጊዎቹ በድሮ ጊዜ ሌላ ሥራም ነበራቸው። አንድ ተቀማጭ ከአንድ ክረምት በላይ ሲቆይ ሄደው በአክብሮት እጁን ይዘው ያስነሡት፣ ቤቱንም ማገር በማገር፣ ድንጋይ በድንጋይ እየለዩ ያወርዱለት ነበር። አሁን ግን እነሱም አርጅተዋል። ይመጣሉ፣ ከተቀማጩ ጎን አረፍ ይላሉ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ተጨዋውተው ይመለሳሉ።

ከቀንዱ የሚከፋ ሌላ ነገርም ነበር። ቀንድ በሚነፋበት አጠገብ ዓመት ሁለት ዓመት የኖረ ሰው፣ ገመዱ ገና ረጅም ሳለ እጁ ይሰንፋል። ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ ይልና ያነሣው የነበረውን ይረሳል። ከዚያ አንድ ቀን ራሱ ሄዶ ከተቀማጩ ጎን ይቀመጣል። ከጎሹ በላይ የነበሩት ሦስት ቤቶች እንዲህ ሆነው ቀርተዋል።

ደርበው በርጩማውን በካቡ ራስ ላይ አደረገ። ደንብ ነውና ተቀመጠ። እታች ፈንታነሽ ብቻዋን በቀዳዳው ላይ ድንጋይ ትደረድራለች። አንድ ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሊወርድ አስቦ ነበር፤ ግን ተቀማጭ ድንጋይ ሲነካ ከታየ ሹሙን አዋረደ ይባላል፣ ውሃውም ከልጆቹ ደጅ ይዘጋል። ደግሞ የምድጃው ነገር አለ። የእያንዳንዱ ቤት ምድጃ ሲያረጅ ሙቀቱ እያነሰ ጭሱ ይበዛል። ድሮ የጎደሎ ወር የሚባል ነበር። በዚያ ወር ጎተራ ይዘጋል፣ ሰው እየራበው ቤቱን ይፈትሻል፣ የተሰበረ እርፍ፣ የጎበጠ ማገር፣ ያረጀ ቅርጫት ሁሉ እየለቀመ በምድጃው ያነደዋል። ቤቱም ምድጃውም ይጠራል። ሸንጎው "በጥጋብ አገር ረሃብ ምን ይሠራል" ብሎ የጎደሎን ወር ሻረው። ከዚያ ወዲህ ስብርባሪው በየቤቱ ጥግ ተከመረ፣ ጭሱም በየጣራው ሥር ቀረ። የደርበውም ቤት እንዲሁ ነበር። ጧት ሲነሣ ይስላል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ በርጩማው ደግሞ ቅርብ ነው።

በስምንተኛው ቀን ውሃው በቀዳዳው ሲያስገመግም ሰማና ቀንዱን አንሥቶ ነፋ። የገዛ እጁ ሥራ አስደነገጠው። ግን ደስ አለው። የነፋ ሰው የሠራ ይመስለዋልና። በዘጠነኛው ቀን ሁለት ጊዜ፣ በዐሥረኛው አምስት ጊዜ ነፋ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ወደ ታች ሲያይ ፈንታነሽ አንድ ድንጋይ ይዛ ቆማ ነበር። ድንጋዩን አገላበጠችው። እንደገና አገላበጠችው። ለሦስተኛ ጊዜ አገላበጠችውና የት እንደምታኖረው እንደጠፋት ሰው ዙሪያዋን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ጣለችው፣ ራሷም በላዩ ተቀመጠች።

ደርበው ከበርጩማው ብድግ አለ። ካቡን ወርዶ አጠገቧ እስኪደርስ ድረስ ጉልበቱ እንደሚያመው አላስታወሰም።

"ተነሺ።"

"ደክሞኝ ነው፣ አባቴ።"

"ዕድሜሽ ስንት ነው?"

"እርስዎ ያውቁታል።"

"እንዲህ የሚደክምበት አይደለም። ተነሺ።"

"ቀንዱ" አለችው። ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም። "የጋሽ ጎሹን ለምጄው ነበር። የእርስዎ ሲጨመርበት ግን ድንጋዩ ከእጄ ይጠፋብኛል።"

ደርበው ቀንዱን ከትከሻው አወረደና በድንጋይ ሰበረው። ስብርባሪውንም ወደ ውሃው ወረወረ።

ይህ በተሰማ በሁለተኛው ቀን ዘለቀ መጣ። ዘለቀ ከታችኛው ሸለቆ ነው። እሱና ወገኖቹ ቀጣዮች ይባላሉ። አባቱ ጭራው ሲያልቅ ልጅ ማውጣት አላቆመም ነበር። ቋጠሮው እየተበላ አወጣ፣ አወጣ፤ በመጨረሻ ገመዱ ሊበጣጠስ ሲል አዲስ ጠፍር መቀጠል የሚያውቅ ሰው ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የዘለቀ ወገን ጭራ አያልቅበትም። በአሥር ዓመት ውስጥ ሸለቆውን ሞልተውታል። ቤታቸው ከቤት ላይ ይሠራል፣ ቦዩን ወደ ራሳቸው ጠልፈዋል፣ የሌላውን ካብ ድንጋይ እየነቀሉ ይወስዳሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው ቢሏቸው "መኖር" ይላሉ።

ዘለቀ ወፍራም፣ ፊቱ የሚያበራ ሰው ነው። ከመቀመጡ በፊት ቤቱን በዓይኑ ለካ።

"ጋሼ ደርበው፣ እርስዎን የመሰለ ሰው በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ያሳዝናል" አለ። "ክንድ ሙሉ ጭራ እቀጥልልዎታለሁ። አሁኑኑ፣ እዚችው ሜዳ ላይ። ልጅዎ ትወጣለች። ከፈለጉ እርስዎም ገና ስድስት ሰባት ቤት ያወጣሉ።"

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ምንም! የካቡ ሰው ከእኛ ጋር ሲሆን ደስ ይለናል፣ ሌላ ምን አለ?"

ደርበው አሰበ። ፈንታነሽ ከቀዳዳው ሥር ድንጋይ እየመረጠች ነበር። በአንድ ቃል ሁሉም ይሆንለት ነበር፤ ቤቱም ይቀራል፣ ልጁም ትወጣለች፣ የአያቱም ገመድ ይቀጥላል። ልቡ ወደዚያው አዘነበለ።

"ገመድህን አሳየኝ" አለ።

ዘለቀ ሳቀና ከወገቡ ፈታው። አዲስ ጠፍር ነው፤ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ። ደርበው ዓይኑን ጨፈነና ከጭራው ጀምሮ በጣቱ ዳበሰው። ባዶ ነው። አሁንም ባዶ ነው። አዲሱ ጠፍር የተቀጠለበትን ስፌት አለፈ። ከስፌቱ ቀጥሎ ያገኘው ቋጠሮ ከተራው ሦስተኛ መሆን የሚገባው ነበር።

"ይበቃል የት ሄደ?"

"የቱ?"

"ቋጠሮው።"

"እሱ እኮ የድሮ ነገር ነው፣ ጋሼ" አለ ዘለቀ። "ይበቃል ለማን ይጠቅማል? ሰው ሲበቃው ይሞታል።"

ደርበው ገመዱን አጣጥፎ መለሰለት። "የእኔ አለ" አለ።

"ምኑ?"

"ቋጠሮው። የቀጠልህልኝ እንደሆነ ባንተ እጅ አይቆይም።"

"ጋሼ፣ ሰው ማዳን ነው እኮ—"

"በደህና ግባ።"

ዘለቀ እየሳቀ ሄደ። ሲሄድ ግን ከካቡ አንድ ጥሩ ድንጋይ መርጦ በብብቱ አደረገ። የወሰደውም ስለሚያስፈልገው አልነበረም፤ እጁ ለምዶ ነው።

በማግስቱ ደርበው ገመዱን ወገቡ ላይ አሥሮ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣ። ከምንጩ አፍ ላይ አንዲት ቤት አለች። የምንጭ ቤት ትባላለች። እዚያ የምትኖረው ሴት ላቀች ትባላለች። መልኳ የጎልማሳ ነው፤ ግን የደርበውን አያት በስም ታውቃለች። ድምፅ አታሰማም፣ አትቸኩልም፣ ብዙ አትሠራም። ከምሰሶዋ ላይ የተጠቀለለው ገመድ የአገሩን ቋጠሮ ሁሉ ይዟል፣ ጭራውም ገና መሬት ይጎትታል። እጇን አይቶ ደርበው አንድ ነገር ገባው። የሕፃን እጅ ያህላል።

"እመይቴ፣ ለልጄ ገመድ እፈልጋለሁ።"

"ለየትኛው ቦታ?"

"ከቤቴ በታች ካቡ ተንዷል።"

"እሱ ቦታ አይደለም፣ ቀዳዳ ነው" አለች። "ከዚህ ቤት ገመድ የሚወጣው ለተለቀቀ ቦታ ብቻ ነው። ያ ካብ የአንድ ቤት ድንጋይና የአንድ ቤት ውሃ ነው ያለው። አሁን ሁለቱንም የያዝኸው አንተ ነህ።"

"ብለቅስ?"

"ቤትህን ብታወርድ ድንጋይህ ቀዳዳውን ይደፍናል። ውሃህ ለአዲሱ ቤት ይሆናል። እኔም ለልጅህ ገመድ እገምዳለሁ።"

"የእኔን ቋጠሮ?"

ላቀች ገመዱን ከወገቡ ተቀብላ ዳበሰችው። ብዙ ቆየች። "የካብ ቤት ቋጠሮ እዚህም አለ" አለችው። "ይህ ግን ምንድን ነው? ከመሐል ያለው፣ ትንሹ?"

"አባቴ የጨመረው ነው። ከጉብጠቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጎኑ እንዲቆም።"

"እሱ እዚህ የለም።"

"አውቃለሁ።"

"ይቀራል፣ ልጄ።"

ደርበው ውሃውን አየ። ሰባት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ጣቱን ይዞ ያችን ቋጠሮ ያስዳበሰበት ቀን ታወሰው። በዕድሜው ሁሉ አባቱ ያስተማረው ነገር ያ ብቻ ይመስለው ነበር።

"በአፍ እነግራታለሁ" አለ።

"ንገራት" አለች ላቀች።

ቤት ማውረድ የአገሩ የቆየ ደንብ ነው፤ ግን አይቶት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በንዴት አይወርድም፣ በእሳት አይወርድም፣ ተገፍቶ አይወድቅም። ከጉልላቱ ይጀመራል። ሣሩ ይታሠራል፣ ማገሩ በማገር፣ ወራጁ በወራጅ ይለያል። ሹል የሆነው ሁሉ በጭድ ይጠቀለላል፣ ጎረቤት እንዳይወጋ። ምድጃው የሚጠፋው በባለቤቱ እጅ ነው። አመዱ በሣር ተሸፍኖ ይቀበራል፣ ጭሱ ለሌላ ደጅ እንዳይተርፍ። ሁሉም ከተካፈለ በኋላ ባለቤቱ ባዶ እጁን ውሃው ወደሚሄድበት ወደ ታች ይሄዳል። የሚመለስ የለም። ጎረቤት "ድንጋይህ ይናገርልህ" ብሎ ይሸኘዋል።

ደርበው ጧት ጉልላቱን አወረደ። ፈንታነሽ ቆማ አየችው።

"አባቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሣሩን እሠሪ።"

"የት ሊኖሩ ነው?"

"ሣሩን እሠሪ አልሁሽ።"

አሠረች። እያለቀሰች አሠረች፤ እሱም አላባበላትም። ይልቅ ሥራው መሐል "ከጉብጠቱ ላይ ስትደርሺ ጠፍጣፋውን ድንጋይ በጎኑ ነው የምታቆሚው" አላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ "በጎኑ" አለ። እኩለ ቀን ላይ "ምን አልሁሽ?" አለ።

"በጎኑ" አለች።

"እህ።"

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሹም አሰጌ ከነሳህኑ፣ ከነጨርቁ፣ ከነጥላው እየሮጠ መጣ።

"ቁም! ማን ፈቀደልህ? ቤት ማውረድ ቀርቷል! ቀንድህስ የት አለ?"

"ሰበርሁት።"

"የማዕረግ ቀንድ?"

"አዎ።"

ሹሙ ደሙ ፈላ። "ደንቡን ታውቃለህ! ጭራው ያለቀበት ይቀመጣል። ሁሉም እንዳንተ እየተነሣ ቤቱን ቢያወርድ አገሩ ምን ይሆናል? በካቡ ላይ የሚቀመጥ ማን ይቀራል?"

ደርበው የያዘውን ወራጅ መሬት አስቀመጠ። እጁን ከአቧራ አራገፈና ዘረጋ።

"ጌታዬ፣ የእርስዎን ገመድ ልዳብሰው።"

ሹሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"ስለ ደንቡ ብለን ነው። የሁላችንን ሲጨብጡ ኖረዋል። የእርስዎን ማን ጨብጦ ያውቃል?"

ሳህን የያዘው ሰው ሹሙን አየ። ጨርቅ የያዘውም አየ። ጥላ ያዡ ጥላውን ዝቅ አደረገው። ሹም አሰጌ ያን ሰፌድ የሚያህል እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ወገቡ ወሰደና ልብሱን ሸፈን አደረገ። ግን ከልብሱ ሥር የወጣችውን ጫፍ ፈንታነሽ አየቻት። ጭራ አልነበራትም። ቋጠሮም አልነበራትም። የተበላ፣ የተፈታ፣ እንደ አሮጌ መጥረጊያ የተበተነ ጠፍር ነበር።

"እኔ... የእኔ ሌላ ነው" አለ ሹሙ። "እኔ ሥራ አለብኝ።"

 እጁን ሊታጠብ ወደ ሳህኑ ዞረ፤ ሳህን ያዡ ግን ውሃውን ደፍቶት ኖሮ ባዶ ነበር። ሹሙ ጥቂት ቆሞ እንደ መጣበት ሄደ፣ ያለ ጥላ።

ጥላ ያዡ ቀረ። "የቱን ልያዝ?" አለ። ደርበው ምሰሶውን አሳየው።

ወደ ማታው ገደማ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደርበው ቤት የቀረው የመሠረቱ ድንጋይና ምድጃው ብቻ ነበር። ሌላው ድንጋይ ሁሉ በቀዳዳው ውስጥ ገብቷል። ላቀች ከምንጩ ወርዳ በዚያች ትንሽ እጇ አዲሱን ገመድ ይዛ ለፈንታነሽ ሰጠቻት። ጭራው ረጅም ነበር። ፈንታነሽ ወገቧ ላይ ስታሥረው ተርፎ እግሯ ላይ ወደቀ። ከዚያ ወደ ጉብጠቱ ሄደች፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሣች፤ ሁለት ጊዜ ሳታገላብጠው በጎኑ አቆመችው። ውሃው መጣ፣ ድንጋዩን ገፋው፣ ድንጋዩም ቆመ።

ደርበው ይህን አይቶ ምድጃውን በእጁ አጠፋ። አመዱን ቀበረ። የአሮጌውን ገመድ ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈታና ጠፍሩን ለማሠሪያ ተወላት። ያችን ትንሿን ቋጠሮ ሲፈታ ብቻ እጁ ዘገየ። የቀረው አንድ መጥረቢያ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከየቤቱ ሰው ወደ ደጅ ይወጣ ጀመር። ወፍጮው የቆመ መስሏቸው፣ ውሃው የደረቀ መስሏቸው፣ ምን እንደጎደለ ሳያውቁ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። የጎደለው የጎሹ ቀንድ ነው። ከእኩለ ቀን ጀምሮ አልተነፋም።

ጎሹ ከካቡ ራስ ወርዶ በደርበው ፊት ቆሞ ነበር። አሥር ዓመት ያልሄደበት እግሩ ይንቀጠቀጣል። በርጩማውን በብብቱ ይዟል። ባዶ የሆነውን መሬት አየ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ አየ፣ ፈንታነሽን አየ።

"አንተ ደርበው" አለ።

"አቤት።"

"መጥረቢያህን ልትወስደው ነው?"

"የሚወርድ ሰው ምን ይይዛል?"

"እንግዲያው..." ጎሹ በርጩማውን ከብብቱ አውርዶ መሬት አስቀመጠ። "የእኔ ምሰሶ ወይራ ነው። ጠንካራ ነው።"

ደርበው መጥረቢያውን በስለቱ በኩል ይዞ እጀታውን ሰጠው።

"ከጉልላቱ ጀምር" አለው። "ሹሉን በጭድ ጠቅልል።"

ከዚያም ባዶ እጁን፣ ውሃው ወደሚሄድበት ወረደ። ፈንታነሽ ከካቡ ላይ ሆና "ድንጋይዎ ይናገርልዎ፣ አባቴ" አለችው። ዞር አላለም። ትንሽ እንደሄደ ግን ከኋላው የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ፤ አንድ፣ ቆይቶ ሁለት፣ ከዚያ ሳያቋርጥ።